ዘጠኝ ተኩል ላይ የሚቀዘቅዘው ምድጃ

ባለፈው ሰሞን አንድ የማላውቀው ሰው መንገድ ላይ አስቆመኝና ከሰላምታ በፊት፣ «ምድጃችሁ ይሰግዳል የሚባለው እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አይሰግድም አልኩት። ቅር አለው። ከደሴ ለሌላ ጉዳይ የመጣ ቢሆንም ይህንንም አይቶ ለመመለስ አስቦ ነበር መሰለኝ። እንግዲያው ምን ያደርጋል አለኝ። ይቀዘቅዛል አልኩት። ሁሉም ምድጃ ይቀዘቅዛል ብሎኝ ሄደ።

ልክ ነው። እኔም ስለ ምድጃ ከዚህ ብዙ የበለጠ አላውቅም፤ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል። የእኛ ግን ለምን እንደሚቀዘቅዝ ወሬው እየሰፋ፣ እኔም በየመንገዱ ቆሜ ማስረዳት እየሰለቸኝ ስለመጣ፣ አንድ ጊዜ ጽፌው ልረፍ ብዬ ነው። መጻፍ አልችልም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ይህ ሁሉ እስኪመጣ ድረስ የጻፍኩት ነገር ቢኖር ዳቦ ቤቱ በር ላይ የሚለጠፈው «ዳቦ አልቋል» የሚለው ብቻ ነው። እሱንም ሰው ዳቦ ሳያልቅ ያነበው ነበር፤ ማንሳት እየረሳሁ።

ዳቦ ቤቱ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ዋናው መንገድ ዳር ነው። ባለቤቱ ሐጂ ይማም ናቸው። የሚጋግረው አበራ ነው። የምትሸጠው እታለም ናት። የእኔ ሥራ ምን እንደሆነ እስካሁን በግልጽ የነገረኝ የለም። ትሪ እጠርጋለሁ፣ ሊጥ እሸከማለሁ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ዞር ብለው እኔን ያያሉ። መብራቱን የማጠፋው እኔ አይደለሁም። ምድጃው ጎን ላይ የታሰረው ሳጥን የወንድሜ ሥራ ስለሆነ ግን ከኤሌክትሪክ ጋር የተያያዘ ጥፋት ሁሉ በዝምድና ወደ እኔ ይመጣል።

ሳጥኑን ላስረዳ። ሳጥኑን ለማስረዳት ግን መጀመሪያ ወንድሜን ማስረዳት አለብኝ። እሱ ይከብዳል፤ በአጭሩ ልለፈው።

እንድሪስ ይባላል። በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። ኢንጂነሪንግ ተምሮ የተመረቀው ለውጥ መጣ የተባለ ጊዜ ነው፤ ሰው ሁሉ የሆነ ነገር ይጠብቅ ነበር፣ እሱም ሥራ ጠበቀ። ማመልከቻ ሲያስገባ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ አንድ ቀን ዳቦ ሊገዛ ገባ፤ የገዛውን ዳቦ ገለበጠው፣ ጀርባውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገውና፣ «ሐጂ፣ ምድጃዎ ታሟል» አላቸው።

እውነቱን ነበር። ምድጃው የኤሌክትሪክ ነው፤ ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል፣ ወርዱም እንደዚያው። ሙቀቱን የሚቆጣጠርለት ቴርሞስታት ከማርጀቱ የተነሳ አንዱን ትሪ ሲያሳርር ሌላውን ጥሬ ይተወው ነበር። አመሻሽ ላይ ከተማው ሁሉ መብራት ሲያበራ የኤሌክትሪኩ ኃይል ይደክማል፤ ምድጃውም አብሮ ይደክማል። ከሐይቁ በኩል ንፋስ በመጣ ቁጥር ይበርዳል። አበራ ይህን ሁሉ በግምት ነበር የሚያስተካክለው። እጁን ምድጃው አፍ ውስጥ ያስገባና መቁጠር ይጀምራል፤ እስከ ስንት እንደቻለ አይቶ ሙቀቱን ይናገራል። ደህና ዘዴ ነው። ችግሩ አበራ ሲናደድ ቶሎ ቶሎ ይቆጥራል።

እንድሪስ ለዚህ ደዌ መድኃኒቱ ኒውራል ኔትወርክ ነው አለ። ሐጂ ይማም ደሴ ይገኝ እንደሆነ ጠየቁ።

ያኔ እኔም አልገባኝም፤ አሁንም በሙሉ ገብቶኛል ብዬ አልምልም። እሱ ያስረዳኝ እንዲህ ነው። ለተራ ማሽን ሕግ ትነግረዋለህ፤ ሙቀቱ ከዚህ ሲወርድ አብራ፣ ከዚህ ሲያልፍ አጥፋ ትለዋለህ። ከዚያ ውጭ ምንም አያውቅም። ይሄኛው ግን ሕግ አይነገረውም፤ እያየ ነው የሚማረው። በቁጥር የተሠሩ ትንንሽ ነርቮች አሉት፤ እንደ ሰው አእምሮ እርስ በርስ የተያያዙ። በተሳሳተ ቁጥር መያያዣዎቹን እዚህ ጋ ጠበቅ፣ እዚያ ጋ ላላ ያደርጋል። ብዙ ሺህ ጊዜ ከተሳሳተ በኋላ አስተማሪውን መምሰል ይጀምራል። እኔም ብዙ ሺህ ጊዜ ተሳስቻለሁ፣ ማንንም አልመሰልኩም አልኩት። አልሳቀም። የመጨረሻውን ነገር ነግሮኝ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ፦

«ለምን ብለህ ብትጠይቀው አይነግርህም። ምክንያቱን አያውቀውም። ያየውን ነው የሚያደርገው።»

ይቺን ያዙልኝ። እኔ ሳልይዛት ቀርቼ ነው ይህ ሁሉ የመጣው።

አስተማሪው እሱ ራሱ ሆነ። ምድጃው ውስጥ ሙቀት መለኪያ ከተተ፣ ከጎኑ በርጩማ አስቀመጠና ወራት ተቀመጠበት። ሊጡ ሲገባ፣ ዳቦው ሲወጣ፣ ኤሌክትሪኩ ሲደክም፣ ሰዓቱ ስንት፣ ቀኑ ምን እንደሆነ፣ የእሱም እጅ የሙቀት ማዞሪያውን የት እንዳደረሰው ኮምፒውተሩ ሁሉንም ይመዘግባል። እሱ ደግሞ ኮምፒውተሩን ስለማያምነው በደብተር ይጽፋል። አበራ መጀመሪያ ተቀየመ፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ዳቦ ሲጠብቅ ማየቱ እንኳን ለአበራ ለእኛም ያሳፍር ነበር። ዳቦው ማማር ሲጀምር ግን በርጩማው ላይ የሚቀመጥበት ጨርቅ ያመጣለት እሱ ነው።

ትምህርቱ ሲያልቅ እንድሪስ የተማረውን ሁሉ የራሷ ሰዓትና ባትሪ ያላት አንዲት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ አሰፈረና ማስቀመጫ ፈለገ። የእኔን ምሳ ዕቃ ወሰደ። ክዳኑ ላይ ዓሣ የተሳለበት የቆርቆሮ ምሳ ዕቃ ነው፤ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ይዤው ነበር። አላስፈቀደኝም። ጎኑን በስቶ ሽቦውን አሳለፈና ምድጃው ላይ አሰረው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሙቀት ሲጨምርም ሲቀንስም ምሳ ዕቃዬ ሆነ አዛዡ። ሙቀት እንዲጨምር ሲያዝ ኮንታክተር የሚባለው ትልቁ ማብሪያ ቀጭ ይላል፤ ድምፁ በር ድረስ ይሰማል። ያን ጊዜ አዲስ ነገር ሁሉ ለውጥ ይባል ስለነበር ሐጂ ይማም ምሳ ዕቃውን «ለውጡ» ብለው ጠሩት። ጠዋት ሲገቡ፣ ለውጡ እንዴት አደረ ይላሉ። አበራ፣ ሞቅ ብሎታል ይላል። ይህ በየቀኑ ይባል ነበር፤ በየቀኑም ሁለቱ ይስቁ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

ከተማው መውጣት የጀመረ ቀን ሰው ፍራሽና ዶሮ ሲሸከም እንድሪስ ምሳ ዕቃውን ከምድጃው ፈታና ከደብተሩ ጋር በእናቴ ነጠላ ጠቅልሎ ለእኔ ሰጠኝ። ምድጃ የትም ይገዛል፣ ይሄ ግን ወራት የተቀመጥኩበት ነው አለኝ። እሱ አክስታችንን ሊያመጣ ወደ ውጫሌ ወጣ። አክስታችን በሌላ መንገድ ዞራ መጣች፤ ደህና ናት። እሱ አልመጣም። ከወራት በኋላ መርዶው መጣ። ስለዚህ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ወጉ የምድጃ ነው።

ምሳ ዕቃውን ይዤ ስሄድ ስለገጠመኝ ግን ልናገር። በጦርነት ጊዜ ከውስጡ ሽቦ የሚወጣ ቆርቆሮ በነጠላ ጠቅልሎ መዞር ጥሩ ሐሳብ አይደለም። ኬላ ላይ አስቆሙኝ። ምንድን ነው አሉኝ። ምሳ ዕቃ ነው አልኩ። ምሳው የታለ አሉኝ። ምሳ የለውም፣ ዳቦ የሚጋግር ነው አልኩ። በዚህ መቆም ነበረብኝ። የደነገጠ ሰው ግን አይቆምም፤ «ያስባል» ብዬ ጨመርኩበት። ሁሉም አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ስለ ነርቮቹ ማስረዳት ጀመርኩ። መሬት ላይ አስቀምጠህ ራቅ በል ተባልኩ። በመጨረሻ አንድ በዕድሜ የገፉ ሚሊሻ ቀስ ብለው ቀረቡ፣ ተንበረከኩ፣ አሸተቱት። እንደገና አሸተቱት።

«ዳቦ ዳቦ ይላል» አሉ። «ልቀቁት።»

ስንመለስ ዳቦ ቤቱ በር አልነበረውም፣ ሚዛን አልነበረውም፣ ወንበርም አልነበረውም። ምድጃው ግን አለ። በፊት ሲያስገቡት ግድግዳ አፍርሰው ነበርና ግድግዳ ሳያፈርስ ሊያወጣው የቻለ ሰው አልተገኘም። የሚያሞቁት ሽቦዎች፣ ሬዚስታንሶቹ፣ ብቻ ተነቅለዋል፤ ሐጂ ይማም አዲስ አስገቡ። መብራት ተመልሶ ሲመጣ የእንድሪስን ደብተር ከፍቼ ሽቦዎቹን እዚያ በሳለው ሥዕል መሠረት አገናኘሁ። ሐጂ ዱዓ አደረጉ፣ አበራ አማተበ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ማብሪያውን ነካሁ። ቀጭ አለ። እታለም ወደ ጓዳ ገባችና ፊቷን ታጥባ ወጣች። ዱቄት ገብቶብኝ ነው አለች። ያን ቀን ዱቄት ገና አልተከፈተም ነበር።

ጠዋት የተጋገረው እንደ ድሮው አማረ። የረፋዱም አማረ። ሐጂ ግን አዲስ ሐሳብ ነበራቸው። ድሮ ከሰዓት በኋላ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ምንም አይገባም ነበር፤ እንድሪስ ነው ያን ሰዓት ክፍት የተወው፣ ለምን እንደሆነም አልጠየቅንም። አሁን ሰው ከስደት ተመልሷል፣ መሥሪያ ቤት ተከፍቷል፤ ለአሥር ሰዓት ሻይ የሚደርስ ትኩስ ዳቦ ይኑር አሉ። ሊጡ ዘጠኝ ከሩብ ላይ ገባ። ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ምሳ ዕቃው ሙቀቱን ለቀቀው። ዝም ብሎ ለቀቀው። ለሃያ ደቂቃ ያህል ምድጃው ሲቀዘቅዝ ቆየ፤ ከዚያ ቀጭ አለና ምንም እንዳልተፈጠረ ማሞቁን ቀጠለ። ዳቦው ሲወጣ ከሕመም የተነሣ ሰው ይመስል ገርጥቶ፣ መሐሉ ተኝቶ ወጣ። አንዲት ጥርስ የሌላቸው እናት ብቻ በጣም ወደዱት። እንዲህ ያለ ዳቦ በሕይወቴ በልቼ አላውቅም፣ አላህ እጃችሁን ይባርከው ብለው መረቁን።

በማግስቱም ዘጠኝ ተኩል ላይ እንዲሁ። በሦስተኛውም ቀን።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠራ። ቴስተሩን እዚህም እዚያም ሰካ፣ ስድስት ዳቦ በላ፣ ኤሌክትሪኩ ጤነኛ ነው፣ የታመመው ምሳ ዕቃው ነው ብሎ ሄደ። የበላው ከጠዋቱ ነበር፤ የገረጣውን አልነካውም።

ሐጂ ይማም ግን ሌላ ነገር ገባቸው። ዘጠኝ ተኩል ዐስር የሚባለው የከሰዓት በኋላው ሶላት መዳረሻ ነው። የሚቆመውም ለሃያ ደቂቃ፤ ውዱእ አድርጎ፣ ሰግዶ፣ ትንሽ ዱዓ አድርጎ ለመነሣት የሚበቃ ነው። ፊታቸው በራ። እንድሪስ ሶላቱን የማያስታጉል ልጅ ነበር፣ ምሳ ዕቃውም ይህን ተምሯል አሉ። ለጎረቤት ነገሩ፣ ጎረቤትም ለጎረቤት ነገረ። ሐሙስ ዕለት ሰባት ሰው፣ ዓርብ ዕለት ከዚያ በላይ ሰው ዘጠኝ ተኩልን ቆሞ ጠበቀ። ምድጃው ሲቀዘቅዝ ሱብሃነላህ ያለ አለ። ከክርስቲያኖቹም መጥተው ያዩ ነበሩ፤ አንዱ፣ በጾም ወቅት ምን ያደርግ ይሆን ብሎ አበራን ጠየቀው።

አበራ ሁለት ቀን ምድጃውን ሲያይ ዋለ። ሰኞ ጠዋት ሊጥ እየቆረጠ፣ ቀና ሳይል፣ «ሐጂ፣ ለመሆኑ ቅዳሜና እሑድ የማይሰገድ ሶላት አለ?» አላቸው።

ሐጂ ምን ማለቱ እንደሆነ ጠየቁት። ቅዳሜና እሑድ ዳቦው ደህና ነበር አለ። ምድጃው አልቀዘቀዘም። ደግሞም በቀትሩ ሶላት በዙህር ላይ አይቆምም፣ ጁምዓም ላይ አይቆምም፣ ዐስር ላይ ብቻ፣ እሱም በሥራ ቀን። ሐጂ ይማም፣ «አስተግፊሩላህ። የቸኮልኩት እኔ ነኝ» አሉ። አበራ፣ ምድጃው ከመቀዝቀዝ እሑድን ማረፉ ቢያስደስተውም ቅዳሜንም ማረፉ የመንግሥት ሠራተኛ ያስመስለዋል አለ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ሹልክ ማለቱንም ስናይበት ይህ አስተያየት ብዙ ሰው አሳመነ። የሶላቱ ወሬ ግን ከከተማ ወጥቶ ነበርና መመለስ አልተቻለም።

ሐጂ በሰውም ፊት ስላፈሩ መሰለኝ የዚያኑ ቀን ቆረጡ። ደሴ ለሚመላለስ ሹፌር ነግረው አዲስ ቴርሞስታት አስመጡ፤ ዓርብ ይደርሳል። ለእኔም በደግ ነገሩኝ። ምሳ ዕቃውን ወደ ቤትህ ትወስደዋለህ፣ የወንድምህ ማስታወሻ ይሆንሃል አሉኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት እንጂ ሌላ መልስ ቶሎ አይመጣልኝም። እናቴ በየማታው ስገባ «ዛሬስ እንዴት ዋለ?» ትለኛለች፤ የምትጠይቀው ስለ ምሳ ዕቃው ነው። ከዓርብ በኋላ ምን ብዬ እንደምመልስላት ሳስብ ዋልኩ። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ምሳ ዕቃ አይውልም፤ ይቀመጣል እንጂ።

ማክሰኞ ዕለት ከእንድሪስ ጋር ለተማረ አንድ ልጅ ስልክ ደወልኩ። ነገሩን ሰማና በጣም ቀላል ነው አለኝ። የተማረውን አጥፋው፤ አንተ ማዞሪያውን ይዘህ ሁለት ሳምንት ተቀመጥ፣ ከአንተ እጅ እንደ አዲስ ይማራል። የትኛውን ተጭኜ እንደማጠፋው ሊነግረኝ ሲጀምር አይሰማም፣ አይሰማም ብዬ ዘጋሁት። በደንብ ይሰማ ነበር። ብቻ... እንዴት እንደምለው አላውቅም። እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ያለው የእንድሪስ እጅ ነው። ሊጥ ሲገባ ሙቀቱን ቀድሞ ከፍ የሚያደርገው፣ ንፋስ ሲመጣ ትንሽ ጠብቆ እንጂ ወዲያው የማይጨምረው፣ እሱ ነው። የእኔን እጅ ማን ይፈልገዋል። የእኔ እጅ የሚያውቀው «ዳቦ አልቋል» መጻፍ ነው።

ረቡዕ ዕለት ግን ብልሃት መጣልኝ። ብልሃት ሲመጣልኝ ሰው ቢያስረኝ ጥሩ ነበር። ዘጠኝ ተኩልን ማጥፋት ካልቻልኩ ለምን አላሸሸውም አልኩ። የሳጥኑን ሰዓት ሦስት ሰዓት ተኩል ወደፊት ብገፋው መቀዝቀዣው ምሳ ሰዓት ላይ ይውላል፤ በዚያ ሰዓት ሁላችንም እንበላለን። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ለማንም ሳልናገር ሰዓቱን አራት ሰዓት አልኩት። ችግሩ፣ እንድሪስ የሳጥኑን ሰዓት የሞላው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ለሳጥኑ አራት ሰዓት ማለት ሰው ሁሉ የተኛበት ንጋት ያልቀረበ ሌሊት ነው። እንድሪስ በዚያ ሰዓት በርጩማው ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ስለዚህ ሳጥኑ ምንም ያየው ነገር የለም። እንደማንኛውም የማያውቅ ሰው በሙሉ ልብ ሠራ። ቀጭ አለ፤ ዳግመኛ አላጠፋም።

አበራ እጁን አስገብቶ አንድ ብሎ ሁለት ሳይል አወጣው። የመጀመሪያው ዙር ዳቦ በሙሉ ከሰል ሆነ። ጢሱ በመስኮትም፣ አዲስ በተሠራው በርም ወጣ። በእኛ ከተማ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጢስ እንደ ተራ ነገር አይታይም። ግማሹ ሰፈር ውኃ ይዞ መጣ፤ አንድ ጎረቤት ደግሞ ውኃ ሳይሆን ፍራሹን ጠቅልሎ፣ ልጆቹን አሰልፎ፣ ወደ የት ነው የምንሄደው ብሎ ጠየቀ። ዳቦ ነው ያረረው ሲባል ፍራሹ ላይ ተቀመጠና ዳቦ ቢኖር አንድ ስጡኝ አለ። ሰዓቱን ወደ ነበረበት መለስኩ። ሐጂ አልተቆጡም። ዓርብን ብቻ አስታወሱኝ።

ሐሙስ ከሰዓት ተስፋ ስቆርጥ የእንድሪስን ደብተር ከሽቦው ሥዕል አልፌ ማንበብ ጀመርኩ። ቀደም ብዬ ያላነበብኩት ለምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ፣ የእሱ ጽሕፈት ስለሆነ ነው። ገጹ ሁሉ ቁጥር ነው፤ ሰዓት፣ ሙቀት፣ የማዞሪያው ቦታ። ሰኞ፣ ዘጠኝ ተኩል፣ ዜሮ። ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ተኩል፣ ዜሮ። እስከ ዓርብ ዜሮ። ቅዳሜ ዜሮ የለም። ታዲያ ሳጥኑ አልታመመም ማለት ነው። አስተማሪው በየቀኑ በዚያ ሰዓት ማዞሪያውን ወደ ታች ሲመልስ አይቶ ነው። ለምን እንደሚመልስ ግን አልተጻፈም። እሱም የሚያውቀውን ነገር መጻፍ አያስፈልገውም ነበር።

እታለም ቆጥራ የደረደረችውን ዳቦ እያስተካከለች ነበር።

«እታለም» አልኳት፣ «እንድሪስ ዘጠኝ ተኩል ላይ ምን ይሠራ ነበር?»

ዞር ብላ አየችኝ። የምቀልድ መስሏት ነበር።

«አንተን ይጠብቅ ነበራ» አለች።

ያን ጊዜ መንገዱ አንድ ቀን ሰላም ውሎ አንድ ቀን በድንጋይ የሚዘጋበት፣ ጎማ የሚቃጠልበት ጊዜ ነበር። ከትምህርት ቤት የምንለቀቀው ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው። እታለም እንደነገረችኝ እንድሪስ ሰዓቱ ሲደርስ ከበርጩማው ይነሣና ማዞሪያውን ዝቅ አድርጎ ይወጣል፤ ሰው የሌለበትን ምድጃ አግሎ መተው አይወድም ነበር። መንገድ ዳር ካለው የመብራት ምሰሶ ሥር ይቆምና ወደ ትምህርት ቤቱ ያያል። እኔ መታጠፊያው ላይ ብቅ ስል በሩ ጋ ይመለሳል። የማስታውሰው በሩ ላይ ቆሞ ነው። «ዛሬም አላባረሩህም?» ይለኝና ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ቀጭ ይላል። ሙቀት በዝቶበት ንፋስ ሊቀበል የወጣ ነበር የሚመስለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ የመሰለኝ ይህ ነው።

ደብተሩን እንደገና ገለጥኩ። አንድ ማክሰኞ ላይ ዜሮው አያልቅም። ዘጠኝ ተኩል ዜሮ፣ አሥር ዜሮ፣ አሥር ተኩል ዜሮ፣ አሥራ አንድ ዜሮ። ቀኑን አወቅሁት። ፈተና ጨርሰን ከጓደኞቼ ጋር ሐይቁ ዳር ሄደን ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ ላይ አሳፍረውን የነበረ ቀን ነው። ስመለስ በጥፊ መታኝ። ጥፊው አልተመዘገበም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሐጂ ይማም አዲሱን ቴርሞስታት በካርቶኑ ይዘው መጡ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛውም መፍቻውን ይዞ መጣ፤ ሥራ ሳይጀምር አንድ ዳቦ አንሥቷል። ደብተሩን ዘርግቼ ነገርኳቸው። ጥሩ አድርጌ አልተናገርኩም። ከመሐል ጀመርኩ፣ ወደ ኋላ ተመለስኩ፣ ስለ ጀልባው ሳያስፈልግ አወራሁ። ስጨርስ አበራ ሊጥ መቁረጡን ትቶ ነበር።

«ቅዳሜና እሑድ የማይቆመው...» አሉ ሐጂ።

«ትምህርት ስለሌለ ነው።»

ሐጂ ምሳ ዕቃውን አዩት። ክዳኑ ላይ ያለው ዓሣ በሙቀቱ ብዛት ዓይኑ ብቻ ነው የቀረው። ከዚያ ወደ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ዞሩና ዳቦውን ይዞ በሰላም እንዲሄድ ነገሩት። አበራንም የከሰዓቱን ሊጥ ከእንግዲህ አሥር ሰዓት ላይ እንጂ ቀድሞ እንዳያስገባ አዘዙት። አበራ ለአሥር ሰዓት ሻይ አይደርስም አለ።

«አይድረስ» አሉ። «ልጁ ከትምህርት ቤት እስኪመጣ ምን አስቸኮለን።»

በዚሁ አለቀ። ቴርሞስታቱ እስካሁን በካርቶኑ ነው፤ እታለም ሬዲዮኗን አስቀምጣበታለች። እኔም በሕይወቴ ሁለተኛውን ማስታወቂያ ጻፍኩ፤ «ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ዳቦ አይጋገርም» ይላል። ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሲመጣ እታለም ሰው እየጠበቅን ነው ትለዋለች፤ ብዙው ሰው የዱቄት ነጋዴ ይመስለዋል። ጥርስ የሌላቸው እናት ብቻ አኩርፈዋል። ደህና ነገር ጀምራችሁ ነበር፣ ማን መክሯችሁ ነው ያበላሻችሁት ይላሉ።

ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ምሳ ዕቃው ሙቀቱን ይለቀዋል። የምሠራው ነገር ስለማይኖር ወጥቼ ምሰሶው ሥር እቆማለሁ። ተማሪዎቹ ይለቀቃሉ፣ ባጃጅ ጥሩንባ ይነፋል፣ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይመጣል። መታጠፊያውን አያለሁ። ሃያ ደቂቃ ረጅም ነው፤ ቆሜ እስካየው ድረስ ይህን አላውቅም ነበር። ከዚያ ከውስጥ ቀጭ ሲል ይሰማኛል።

ደርሻለሁ ማለት ነው። እገባለሁ።